የአጂን የኤካዳሺ ድንች እንዴት ልሥራ? ጥያቄዬና የመጡልኝ መልሶች

ጥያቄውን የለጠፍኩት ሰኞ ማታ ነው፤ ሐምሌ 8 ቀን 2016። የምኖረው ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ነው፤ ለትምህርት መጥቼ። የተከራየሁት ክፍል በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ የአንዲት እናት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ አጂ ይላቸዋል። በአካባቢው ቋንቋ በማራቲኛ አያት ማለት ነው። እኔም አጂ እላቸዋለሁ።

አጂን ከሦስት ሳምንት በፊት ዝናብ ያረጠበው ደረጃ አዳልጧቸው ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። አሁን ጄሶ ላይ ነው። የምታበስልላቸው ሴት ደግሞ የለችም። ቪትሆባ የሚሉት አምላካቸው ቤተ መቅደስ ወዳለበት ወደ ፓንደርፑር ሄዳለች፤ በእግሯ። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ከአላንዲና ከዴሁ ሁለት ትልልቅ ጉዞዎች ይነሳሉ። የድኒያኔሽዋርና የቱካራም፣ የሁለቱ የማራቲ ቅዱሳን ባለቅኔዎች፣ ጫማ በሠረገላ ሆኖ ከፊት ይሄዳል። ሕዝቡ እየዘመረ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በፑኔ ሲያልፉ ቆሜ አይቻቸዋለሁ፤ የታቦት ንግሥ ቀን ትዝ አለኝ። ፓንደርፑር የሚደርሱት ለአሻዲ ኤካዳሺ ነው። ዘንድሮ ረቡዕ ሐምሌ 10 ዋለ።

ኤካዳሺ ማለት አሥራ አንደኛ ማለት ነው። ጨረቃ መሙላት ከጀመረችም፣ መጉደል ከጀመረችም አሥራ አንደኛው ቀን ይጾማል። ስለዚህ በወር ሁለቴ ይመጣል። አሻዲ ግን ለማራቲዎች ከሁሉም ይበልጣል። በሌላ ጊዜ የማይጾመውም ይጾመዋል።

አጂ በዚያ ቀን በሙዝና በወተት ሊውሉ አስበው ነበር። ልቤ አልቻለም። ናግፑር ወዳለችው ልጃቸው ደወልኩና ላብስልላቸው ወይ አልኳት። ደስ አላት። ረቡዕ እናቷ እህል እንደማይበሉ፣ ድንች ግን እንደሚሆን ነገረችኝ። ሥራ ላይ ስለነበረች ቶሎ ዘጋን።

ከዚያ በኋላ ነው ግራ የገባኝ። በእኛ አፍ እህል አልቀመሰም ከተባለ ምንም አልበላም ማለት ነው። እሷ ግን ቃል በቃል ነው ያለችው። እህል አይበሉም፤ ሌላ ይበላሉ። እህል ያልሆነው ምን ምን ነው? በምን ይቀመማል? ደግሞም እኔ ረቡዕን እጾማለሁ፤ ቅቤ አልነካም። አጂ ያለ ቅቤ ሲያበስሉ አይቼ አላውቅም። ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ሁለታችንም ጾማችንን ሳንገድፍ የምንበላው አንድ የድንች ወጥ አለ ወይ?

በሁለት ቀን ውስጥ 30 መልስ መጣ። የሚጠቅም ስለመሰለኝ በተራ እጽፈዋለሁ። የሰዎቹን ስም ትቻለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያዋ መላሽ ፑኔ አራት ዓመት ተምራ አዲስ አበባ የተመለሰች ናት። በትህትና ጀመረች፤ ለአጂም ምሕረት ለመነች። እዚያ የሚሠራው ወጥ ሳይሆን ደረቅ ያለ የድንች ጥብስ መሆኑን ነገረችኝ። ድንቹ ከነልጣጩ ይቀቀላል። ይቀዘቅዛል። ተልጦ በትንንሹ ይከተፋል። በቅቤ ላይ ከሙን ይንጣጣል፣ ቃሪያ ይገባል፣ ከዚያ ድንቹ። መጨረሻ ላይ ተቆልቶ በሻካራው የተወቀጠ ለውዝ። ጨው፣ ቁንጥር ስኳር፣ ሎሚ። ሽንኩርት የለም። ነጭ ሽንኩርት የለም። እርድ የለም። ሦስቱን የለም ደጋግማ ጽፋቸዋለች።

መልስ 2። አንድ ወንድም ነገሩን ማክበድ አያስፈልግም ባይ ነው። ጾም ጾም ነው፤ ድንች አልጫ ሥሪላቸው፣ ከጎኑ ትንሽ ምስርና ሽሮ አድርጊበት የሚል ሐሳብ ሰጠ። ከቀናነት እንደሆነ ያስታውቃል።

መልስ 3። ይህቺ ደግሞ የሁለተኛውን ምክር አንድ በአንድ አፈረሰችው። አልጫው ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና እርድ አለው፤ ሦስቱም አይሆኑም። ምስር ጥራጥሬ ነው፤ አይሆንም። ሽሮም እንደዚያው። እንጀራ እህል ነው። እኛ በጾም ቀን ማዕድ ላይ የምናቀርበው ሁሉ በኤካዳሺ የተከለከለ ነው። እኛ የምንከለክለው ወተት፣ እርጎና ቅቤ ደግሞ ለእነሱ የተፈቀደ ነው። ሁለቱ ጾሞች እንደ ካልሲ እርስ በርስ የተገለበጡ ናቸው አለች። ሥጋና እንቁላል ላይ ብቻ ይስማማሉ። እና ድንች ላይ።

ይህን መልስ ሳነብ ቆም አልኩ። ሁለት ዓመት አጂ ቤት ስኖር አላስተዋልኩትም ነበር። ጾመኛ መሆኔን ሲያውቁ በረቡዕ ወተት ሊያጠጡኝ የሚመጡት ለዚህ ነው። ለእሳቸው ወተት የጾም መጠጥ ነው።

መልስ 4። ዴልሂ ያለ ተማሪ ስለ ጨው አስጠነቀቀኝ። ተራ ጨው ፈጽሞ እንዳላስገባ። ሴንዳ ናማክ የሚባል ከተራራ የሚቆፈር ጨው አለ፤ ሮዝ ወይም ነጣ ያለ። የታወቀው ማዕድን በፓኪስታን ፑንጃብ ያለው የኬውራ ነው። በዴልሂ ናቫራትሪ በሚባለው የሂንዱ በዓል ዘጠኙን ቀን ሰው ሌላ ጨው አይነካም። እሱን ያከራየው ቤተሰብ በስህተት በተራ ጨው የተሠራ ምግብ ሳይበላ እንደተነሳ አይቷል። ከሙንና ቁንዶ በርበሬ ይበቃል፤ ለውዝ ምናምን አያስፈልግም ብሎ ጨረሰ።

መልስ 5። የመጀመሪያዋ መላሽ ተመለሰች፤ አሁን ድምጿ ትንሽ ጠንከር ብሏል። ዴልሂ ሌላ፣ ፑኔ ሌላ። ብዙ የማራቲ ቤት በኤካዳሺም የሚጠቀመው የዘወትሩን ጨው ነው። ለውዝ ደግሞ የማራቲ የጾም ማዕድ ዋና ነገር ነው። በሰሜን ያለ ለውዝ ይሆናል፤ እዚያ ግን ያለ ለውዝ ጎደሎ ነው።

መልስ 6 የዴልሂው ልጅ ነው፤ ህንድን በሙሉ በአንድ ከተማ አትለኪ ብሎ መለሰላት። እሷ ያለችው ግን ይህንኑ ነበር። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም የየሰፈራቸውን ነው የሚያወሩት። በዚህ ጾም ጉዳይ ከጎረቤት ጎረቤት ይለያያል። ቲማቲም የሚያስገባ ቤት አለ፤ የማያስገባ አለ። ድንብላል ቅጠልም እንደዚያው። ሕጉ ያለው በየእናቱ ወጥ ቤት ነው። እኔም ክርክሩን ትቼ ወርጄ የአጂን መደርደሪያ አየሁ። ሁለቱም ጨው አለ። የማዕድኑ ጨው በትንሽ የብረት ዕቃ ለብቻው ተቀምጧል። ጥያቄው ተመለሰ።

መልስ 7 ነው ከሁሉም ልቤን የነካው። ዱባይ በአንድ የጉጃራት ቤተሰብ ቤት ሰባት ዓመት የሠራች እህት ናት። ጉጃራቶቹ የጾም ምግብን ፋራሊ ይሉታል፤ የፍሬ ምግብ እንደማለት ነው። መጀመሪያ በገባች ሰሞን በኤካዳሺ ቀን ድንች አብስላ አቀረበች። በልማድ ነጭ ሽንኩርት ከትፋ ነበር። አሮጊቷ ሽታውን ገና ከሩቅ ለዩት። አልተቆጡም። ምግቡን ለሾፌሩ ላኩት፤ እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ በውሃ ዋሉ። እንዲህ በዝምታ ከመዋላቸው ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። በሚቀጥለው ኤካዳሺ አሮጊቷ ራሳቸው ወጥ ቤት ገብተው አጠገቧ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ያለ ሽንኩርት ማብሰል ቻለች። ምስጢሩ ከሙኑ ላይ ነው ትላለች። ቅቤው በደንብ ካልጋለ ከሙኑ አይንጣጣም፤ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ከጠቆረ ደግሞ ይመራል። ሲንጣጣና ሽታው ሲወጣ፣ ያኔውኑ ቃሪያው። እኛ ሽንኩርት በማቁላላት የምናመጣውን ጣዕም እነሱ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ያመጡታል።

መልስ 8 ከሙን ማለት ነጭ አዝሙድ ነው አለ። መልስ 9 አይደለም፣ ነጭ አዝሙድ ህንዶች አጅዋይን የሚሉት ነው፤ ጥቁር አዝሙድም ሌላ ነው፤ ሱቅ ሄደሽ ጂራ በይ አለች። አጭርና ጠቃሚ።

መልስ 10። አንዲት እናት ከአገር ቤት የመጣ ንጥር ቅቤ ካለሽ እሱን አግቢበት፣ አጂም ይወዱታል አሉ። ሐሳባቸው ደስ ይላል። ነገር ግን ዱባይ ያለችው እህት ቶሎ ብላ አስቆመችኝ። የእኛ ቅቤ ሲነጠር ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽ፣ እርድ ይገባበታል፤ ብዙ ቤት ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ይጨምራል። የእነሱ ቅቤ፣ ማራቲዎች ቱፕ የሚሉት፣ ባዶውን የነጠረ ነው። ይህ መልስ 11 ነበር። አሥር ቁጥሯ እናት መልሰው አመሰገኗት፤ ልጄ ብለው መረቋት።

ከዚያ የውይይቱ ክር ሌላ መልክ ያዘ።

መልስ 12 የጻፈው ሰው ስለ ድንች ምንም አላለም። ክርስቲያን ሆነሽ ለሌላ አምልኮ ጾም ምግብ ማብሰልሽ ትክክል ነው ወይ ብሎ ነው የመጣው። ምግቡ መጀመሪያ በቤታቸው ባለው ምስል ፊት እንደሚቀርብ ታውቂያለሽ ወይ አለ። የቆሮንቶስን መልእክት ጠቀሰ። ቃሉ ከባድ ነበር።

መልስ 13 በቁጣ ተነሳችበት። እጇ የተሰበረ አሮጊት ፊት መጽሐፍ አትጥቀስ፣ ድንች ልጥ አለችው። መልስ 14 ደግሞ እሷን ተቆጣ፤ የጠየቀው አግባብ ያለው ነገር ነው፣ ስድብ አያስፈልግም አለ። መልስ 15 እና 16 የሁለቱ ጭቅጭቅ ነው፤ አልደግመውም። በዚህ መካከል ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ። ደስ አላለኝም።

ጠዋት ስከፍተው መልስ 17 ጠበቀኝ። በቤተ ክርስቲያን እንደሚያገለግሉ የጻፉ አባት ናቸው። በለሰለሰ አነጋገር ሁለት ነገር ለይተው አስቀመጡ። ለታመመች ባልቴት ማብሰል ምሕረት ነው፤ ለዚያ ማንም ሊከለክልሽ አይገባም። ከቀረበው ምግብ መብላት አለመብላት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን የነፍስ አባትሽን ጠይቂ። አሥራ ሁለተኛውንም መላሽ አልናቁትም። ፍርሃቱን እንደሚረዱት ጻፉለት። እሱም አመሰገናቸው። ክሩ ከዚያ በኋላ ረገብ አለ።

እኔ የነፍስ አባቴ ጋ ደወልኩ። ለራሴ የምበላውን ለብቻው እንድሠራ መከሩኝ። አንድ ምጣድ የሚለው ሐሳቤ በዚህ አበቃ።

መልስ 18 ይህን ሳልጽፍ ገና ወደዚያው እየመራኝ ነበር። ሙምባይ የምትኖር፣ ከማራቲ ቤተሰብ ጋር በጋብቻ የተዛመደች ሴት ናት። ማንም ያላነሳውን ነገር አነሳች። ለአምላክ የሚቀርብ ምግብ ሳይቀርብ አይቀመስም። ጨው በቃው አልበቃው ብሎ ጠብ አድርጎ መዳፍ ላይ መላስ ክልክል ነው። እጇን ይዛ ያስተማረቻት አማቷ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳትቀምስ በሽታና በዓይን ነው የምትለካው። ሌላም ጨመረች፤ ሥጋ ወይም እንቁላል በገባበት ዕቃ እንዳላበስል፣ የአጂን ዕቃ እንድጠቀም። ፍቱን ምክር ነው። የእኔ መጥበሻ በየእሑዱ እንቁላል የሚጠበስበት ነው።

መልስ 19 መፍትሔ ያገኘ መሰለው። በሁለት ምጣድ ሥሪ፤ የራስሽን በዘይት፣ የአጂን በቅቤ። ጨውና ቃሪያውን እኩል አድርጊ። የራስሽን ቅመሺ፤ የእሳቸውም ያው ነው። እኔም ደስ ብሎኝ አመሰገንኩት።

መልስ 20 ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾሚው?

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አጂ ደግሞ የሚበሉት ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት እኔም መቅመስ አልችልም። ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ጾመኛ፣ ጨው የሚቀምስ የለም።

ይህቺው ሴት መልሱን ራሷ ሰጠች። ማክሰኞ ማታ በራሴ ዕቃ ሞክሬ እንድሠራ። በዓይን ሳይሆን በማንኪያ እየለካሁ። ቀምሼ ልኩ ሲስተካከል ወረቀት ላይ እንድጽፈው። ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱን እያየሁ እንድደግመው። እናቶቻችን በእጅ ልክ ነው ያስተማሩን፤ ማንኪያ ይዞ ጨው መለካት ለእኔ እንግዳ ነገር ነበር። ግን ሌላ መንገድ የለም። ለእኔ የክሩ ትልቁ መልስ ይህ ነው።

መልስ 21። አንዲት ነርስ ስለ አጂ ጤና ጠየቀች። የስኳር ሕመም አለባቸው ወይ? የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ? የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መጾም የለበትም፤ ድንችም ቶሎ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ደም ግፊት ካለባቸው ደግሞ በማዕድኑ ጨው እንዳልዘናጋ። ሴንዳ ናማክም ጨው ነው፤ ሶዲየሙ ያው ነው። ለልጃቸው ደወልኩ። ስኳር የለባቸውም። ግፊት አለባቸው፤ ኪኒናቸውን ጠዋት ጠዋት ይወስዳሉ። ጨዉን ቀነስኩ፤ ሎሚውን ጨመርኩ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከድንች እየራቀ ሄደ፤ እኔ ግን ይህንን ክፍል በጣም ወደድኩት።

መልስ 22 ለውዝ እንዴት ተፈቀደ አለ። ለውዝ በዘሩ የባቄላና የምስር ዘመድ ነው፤ ጥራጥሬ ከተከለከለ ለምን እሱ ይቀራል? መልስ 23 የታሪክ መምህር ይመስለኛል። ድንች፣ ለውዝ፣ ቃሪያ፣ ሳቡዳና የሚባለው እንደ ዶቃ ያለ ነጭ የጾም ምግብ የሚሠራበት ካሳቫ፣ አራቱም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። ህንድ የደረሱት ፖርቱጋሎች ከመጡ በኋላ ነው፤ ቫስኮ ዳ ጋማ ካሊከት የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1498 ነው። ማራቲዎች ድንችን ባታታ የሚሉትም ከፖርቱጋልኛ ወስደው ነው። የእህልና የጥራጥሬ እገዳው ሲጀመር እነዚህ በአገሩ አልነበሩም። ለእኛም ድንች እንግዳ መሆኑን አስታወሰ፤ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ነው ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው። ሁለት የጥንት ጾሞች የሚገናኙት ሁለቱም በኋላ በተዋወቁት አንድ ሥራሥር ላይ መሆኑ ይገርመኛል።

መልስ 24 ጤፍስ ብሎ ጠየቀ። መልስ 25 ጤፍ እህል ነው፣ አይሆንም አለች። መልስ 26 አልተቀበላትም። ማራቲዎች በኤካዳሺ ቫሪ የምትባል ደቃቅ ዘር እንደ ሩዝ ቀቅለው ይበላሉ። እሷም የሣር ዘር ናት፤ የዳጉሳ ዘመድ። እሷ ከተፈቀደች ጤፍ ምን በደለ? ሃያ አምስተኛዋ ነገሩ የዕፅዋት ትምህርት ሳይሆን የልማድ ጉዳይ ነው ብላ በቁጣ ዘጋችው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። እኛስ ዓሣን በጾም ይበላል አይበላም እያልን ስንት ዘመን አይደል የተከራከርነው?

መልስ 27 የጉራጌ ልጅ ነኝ የሚል ሰው ቡላን አነሳ። ቡላ ከእንሰት ግንድና ሥር የሚወጣ ነው፤ እህል አይደለም፣ ጥራጥሬ አይደለም። ሳቡዳና ከካሳቫ ሥር እንደሚወጣው ማለት ነው። በንጹሕ ቅቤ የተሠራ የቡላ ገንፎ ለአጂ ለምን አይሆንም? ማንም አልመለሰለትም። እኔ ግን አገር ቤት ስሄድ ቡላ ይዤ ለመመለስ ወስኛለሁ፤ አጂ ራሳቸው ይፍረዱ።

መልስ 28። አንድ ትልቅ ሰው የልጅነት ህንዳዊ መምህራቸውን አስታወሱ፤ በጾም ቀን ሩዝ ሲበሉ እንዳዩአቸው፣ ስለዚህ የእህሉ ክልከላ የተጋነነ እንደሆነ ጻፉ። የሙምባይዋ ሴት በአክብሮት አረመቻቸው። ወደ እኛ ከመጡት መምህራን ብዙዎቹ የደቡብ ህንዷ የኬራላ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ክርስቲያኖች። በኬራላ የእኛ እህት የሆነች ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለች። መምህሩ የጾሙት የእኛን ዓይነት ጾም ሊሆን ይችላል። ሰውዬው ስልሳ ዓመት ሙሉ ሂንዱ ናቸው ብለው ያስቡ እንደነበር ጻፉ። የመምህራቸውን የአንገት መስቀል አሁን አስታወሱት።

መልስ 29 ሻካራ ነበር። ናግፑር የሚማር ልጅ ነው። ድንች በቅቤ፣ ለውዝ፣ ሳቡዳና፣ ጣፋጭ ምናምን እየተበላ ይህ ጾም ነው ወይ አለ። ማራቲዎች ራሳቸው ኤካዳሺ ሲመጣ እጥፍ ይበላል የሚል ተረት አላቸው ብሎ ጨመረ። ተረቱ እውነት ነው፤ አጂም ይሉታል። ነገር ግን መልስ 30 ተገቢውን ነገረችው። በእኛ ከተማ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ማኪያቶ ሞልቷል። እነሱ በራሳቸው ላይ ቢተርቱ ያምርባቸዋል። ከእኛ ሲሆን ግን ሌላ ነው።

አሁን የሠራሁትን ልንገራችሁ።

ማክሰኞ ማታ ሙከራውን ሠራሁ። አራት መካከለኛ ድንች፤ ግማሽ ኪሎ ይሆናል። በፕሬዠር ኩከር ሦስት ጊዜ እስኪያፏጭ። መጀመሪያ ትኩሱን ስከትፈው ተፈረካከሰ፤ መቀዝቀዝ አለበት የተባለው እውነት ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ሁለት ቃሪያ። ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ስኳር የዚያ ግማሽ። ለውዝ ሦስት የሾርባ ማንኪያ፤ ቆልቼ፣ በመዳፌ አሽቼ ልጣጩን አንስቼ፣ በሙቀጫ ደቆስ አድርጌ። ግማሽ ሎሚ። ቀመስኩት። ጨዉ ትንሽ ያንሳል፤ ለግፊት ሰው ግን ይሁን። ሽንኩርት እንደሌለው ረስቼ ነው የጨረስኩት።

ረቡዕ ጠዋት ወረቀቴን ይዤ ወረድኩ። አጂ ታጥበው፣ ነጭ ሳሪ ለብሰው በወጥ ቤቱ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የማበስልበትን ድስት በግራ እጃቸው ጠቆሙኝ። ቅቤውን ራሳቸው አወጡልኝ። የማዕድኑን ጨው በማንኪያ ለክቼ ሳስገባ ትክ ብለው ያዩኝ ነበር። እጄ ወደ አፌ ይሄድ እንደሆነ እየጠበቁ ይመስለኛል። አልሄደም። አንገታቸውን ነቀነቁ።

በትንሽ ሳህን ቆንጥረው አወጡ። ቱልሲ የሚሉትን የበሶብላ ዓይነት ቅጠል ጣል አደረጉበት። በቪትሆባ ምስል ፊት አኖሩት፤ እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሲመለሱ በግራ እጃቸው በማንኪያ መብላት ጀመሩ፤ ብዙ ተቸገሩ። አንስቼ ላጉርስዎት ወይ ለማለት ፈራሁ። በኋላ ግን ራሳቸው ማንኪያውን ሰጡኝ። እኛ አገር ማጉረስ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ነግሬያቸው ነበር።

ሁለተኛ ጨመሩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኔም ፎቅ ላይ የራሴን በላሁ፤ በዘይት የተሠራውን። አጂ ከታች ሆነው በልተሻል ወይ ብለው ተጣሩ።

የሚቀጥለው ኤካዳሺ ሐምሌ 24 ነው፤ እሱም ረቡዕ ይውላል። አብሳያቸው እስካሁን አልተመለሰችም፤ ጄሶውም ገና አልተፈታም። አጂ ሳቡዳና ኪችዲ አምሯቸዋል። ከማታው ይነከራል አሉኝ፤ ውሃው ከበዛ እንደ ሙጫ ይያያዛል፣ ካነሰ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። የሠራችሁት ካላችሁ፣ ለአንድ ስኒ ሳቡዳና ስንት ውሃ ታደርጋላችሁ?